በእጅ የገባችው ጎል

በእኛ ጊዜ፣ ድሬዳዋን ነው የምላችሁ፣ ፊልም የሚታየው በጆሮ ነበር። አትሳቁ! ወንበራችሁን ጠጋ ጠጋ አድርጉና ስሙኝ። አንተም ኑሩ፣ ያንን ስልክህን ዝጋው፤ ታክሲውን ከተውክ ቆየህ፣ ማን ይደውልልኛል ብለህ ነው? ሊያ ልጄ፣ ይቺ የምትቀዳው ነገር እየሠራች ነው? ቀዩን ነክቼዋለሁ መሰለኝ። አልነካሁትም? እሺ። ለፕሮፌሰሯ ንገሪያት፣ ካፖርቷን አታውልቅ። የዚህ ፓርቲ ሩም ሂተር አይሠራም፤ እዚህ ቶሮንቶ፣ ጄን ኤንድ ፊንች ከገባሁ ጀምሮ የሕንፃው ኃላፊ፣ ሱፐሩ፣ «ኔክስት ዊክ» እንዳለኝ ነው።

ነገሩን ያመጣችው ይቺው ሊያ ናት፣ የልጄ ልጅ። ዩኒቨርሲቲ ፊልም ታጠናለች። ፊልም ደግሞ ይጠናል ወይ ብትሉኝ እኔም እንደናንተው ነኝ፣ ዝም ብዬ ነው የምመርቃት። ታዲያ ባለፈው እሑድ መጣችና ስልኳን አሳየችኝ፤ የድሮ ማስታወቂያ ነው፤ አንድ ወጣት የቆዳ ቆብ አጥልቆ፣ እንቁላል የመሰለች ኳስ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ይስቃል፤ አጠገቡ ጸጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ቆንጆ አለች።

«እማማ፣ ይሄ ፊልም ሎስት ነው» አለችኝ።

«ምንድነው ሎስት?»

«ጠፍቷል። ፊልም ድምፅ ማውጣት ሲጀምር አካባቢ ነው የተሠራው፤ ስለ ኮሌጅ ላቭና ስለ ፉትቦል ነው። በዓለም ላይ አንድ ኮፒ የለም። ፕሮፌሰሬ ስንት ዘመን ስትፈልገው ኖራለች፣ ያየ ሰው እንኳን አላገኘችም።»

«እንዴት አላገኘችም? እኔ አለሁ አይደል እንዴ! አይቼዋለሁ እኮ።»

«ኦ ማይ ጋድ፣ እማማ!» ብላ ስልኩን ለቀቀችው፣ ስልኩ ሽሮው ውስጥ ገባ። ታዲያ ይኸው ፕሮፌሰሯን ይዛልኝ መጣች። ፕሮፌሰሯም የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጀመሪያውን ከድሮ ጋዜጣ ለቃቅማዋለች፣ መጨረሻውን የሚነግራት አጣች። መጨረሻው ምን ሆነ? ነው የምትለው። ቆይ እነግራታለሁ። ግን ፊልሙን ለመንገር መጀመሪያ አባቴን መንገር አለብኝ፣ አባቴን ለመንገር ደግሞ መላኩን።

በጆሮ ያልኳችሁ ለምንድነው፣ ሸራው ላይ ያሉት ፈረንጆች ይንጫጫሉ፣ እኛ አንሰማም። ታዲያ ከሸራው ጎን በርሜል ላይ የሚቆም አስተርጓሚ ነበር፤ ከቆርቆሮ የተሠራ የድምፅ ማጉያ አፉ ላይ ደግኖ እነሱ ያሉትን በአማርኛ የሚል። እሱ ነው መላኩ። ነፍሱን ይማረውና ባሌ። ያኔ ግን ባሌ አልነበረም፣ በርሜል ላይ የቆመ ሰው ነበር።

እንግሊዝኛውን ከየት አመጣው አትበሉኝ። እሱ «እንግሊዝ ቤት ሠርቼ ነው» ይላል፤ እናቱ ደግሞ «አትክልት ሲያጠጣ ነው የኖረው፣ እንግሊዝኛውን ከጎመን ጋር ነው ያወራው» ትላለች። እና ሸራው ላይ ሁለት ሰዎች ሲጨቃጨቁ ይቆዩና፣ ሲጨቃጨቁ፣ ሲጨቃጨቁ፣ መላኩ «አይሆንም አለ» ይላል። በቃ! ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰውየው «ኖ» ሲል መላኩ «እናቴ ሳትመርቀኝ፣ ወንድሜ ሳይሰማ፣ በሬዬን ሳልሸጥ እንዴት አድርጌ?» እያለ እንባችንን ያወርደዋል። አንዴማ አንድ ባለ ፈረስ፣ ባለ ሽጉጥ አሜሪካዊ ባርኔጣውን አንሥቶ አንድ ቃል ቢናገር፣ መላኩ ሆዬ «ከሐረር ነው የመጣሁት፣ መንገዱ አቧራ ነው፣ ውኃ አምጡልኝ» አስባለው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው! ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ። እኔ ታዲያ ሰዎቹን አላይም፣ እሱን ነው የማየው። እሱም ሰዎቹን አያይም። ነገሩ ገብቷችኋል።

አባቴ ደግሞ፣ ተሰማ፣ የባቡር ጋራዥ ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ እሑድ እሑድ ግን የኳስ ዳኛ። የእሑዱ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ፊሽካውን ከአንገቱ አያወልቅም። ወንድሞቼ ገበታ ላይ ሥጋ ሲሻሙ፣ ፉርርር! እናቴ ወጥ ላይ ጨው ስታበዛ፣ ፉርርር! «አንተ ሰውዬ፣ ስትሞት ሚካኤልንም በፊሽካ ነው የምታስቆመው» ትለዋለች። አባባ ውሸት አይወድም። ከውሸት የሚጠላው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ማኖ። ሊያ፣ ለፕሮፌሰሯ ንገሪያት፤ ማኖ ማለት ኳስን በእጅ መንካት ነው፣ ከጣልያን የቀረ ቃል ነው። ጥፋት ላይ የተያዘ ሰው ሁሉ ድሬ ላይ «ማኖ ነካ» ነው የሚባለው።

ታዲያ መላኩ ሽማግሌ ላከ። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ኋላ ራሱም መጣ፣ ደንቡ አይደለም፣ ግን መጣ። ድሬ እንደምታውቁት አንቱ የለም፣ ለሽማግሌውም ለሕፃኑም አንተ ነው። መላኩ ግን ጨዋ ልምሰል ብሎ «እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ተሰማ» ቢለው አባባ ዞሮ ወደ ኋላው አየ።

«ከኔ ሌላ ሰው አለ እንዴ?» አለ። «ይሄ ልጅ ገና ሲገባ መዋሸት ጀመረ!»

ሽማግሌዎቹ ለመኑ፣ አባባ እንቢ። «አፉን ሸጦ የሚበላ ሰው ነው፤ ልጄን ለግርማ ነው የምሰጣት» አለ። ግርማ የባቡሮቹ ቡድን በረኛ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፣ እግዜር ይይልኝ። ግን መናገር አይችልም። ሰላም ስትሉት እንኳን እጁን ዘርግቶ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ ነው የሚጠብቃችሁ፣ ኳስ የምትመቱበት ይመስል። እኔ ከዚያ ጋር ልኖር? አለቀስኩ፣ አልበላም አልኩ፤ እናቴ ተደብቃ አበላችኝ፣ ግን አልበላም አልኩ። በመጨረሻ አባባ ፈረደ።

«እኔ ፊልም አላውቅም፣ ኳስ ግን አውቃለሁ» አለ። «የኳስ ፊልም የመጣ ቀን ጥሩኝ፤ እፊቴ ያስተርጉም። አንዲት ውሸት ብቻ ከያዝኩበት ማኖ ነካ፣ አለቀ፣ ልጅቷ የግርማ ናት። ካልያዝኩበት ይውሰዳት።»

እና የሲኒማው ባለቤት ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ፣ ሁሉም ያረጀበትን ፊልም በርካሽ የሚሰበስብ፣ ይሄንኑ ፊልም አመጣዋ! እቃው ላይ «ፉትቦል» የሚል አነበበና ውጭ ሰሌዳው ላይ በትልቁ አስጻፈ፤ «የእግር ኳስና የፍቅር ፊልም።» ፉትቦል እግር ኳስ ነዋ! ፉት እግር፣ ቦል ኳስ፤ የት አባቱ ሌላ ያውቃል? የባቡር ሠራተኛ በሙሉ ነቅሎ መጣ። እኛ መሃል ተቀመጥን፤ በአንድ ጎኔ አባባ ፊሽካውን ይዞ፣ በሌላ ጎኔ ግርማ ኦቾሎኒውን ይዞ። መላኩ በርሜሉ ላይ ሆኖ አየኝና ደረቱን መታ፤ ዛሬ አንድ ቃል አልጨምርም ማለቱ ነው። 

አንድ ነገር ረስቼ። ፊልሙ ሲበጠስ ታች ያለው አስተናጋጅ ፊሽካ ይነፋል፣ ላይ ማሽኑ ክፍል ያለው አብዲ ደግሞ ማሽኑን ያቆምና መብራት ያበራል። ማሽኑ ስለሚጮህ ከፊሽካ በቀር ምንም አይሰማም። ይቺን ያዙልኝ።

ተጀመረ። ድምፁ፣ አቦ፣ የጋለ ዘይት ላይ ሽንኩርት እንደጣልሽበት ነው የሚንጫጫው። ልጆቹ ኮሌጅ ናቸው፣ ይዘፍናሉ፣ መጽሐፍ የያዘ ግን አላየሁም። ቆንጆዋ መጣች፣ ልጁ ቆቡን አነሣላት፣ መላኩም በጨዋ ደንብ «ደህና ነሽ ወይ አላት፤ ደህና ነኝ አለችው» አለ። ሕዝቡ «ኤጭ!» አለ፤ የመላኩ ቅመም ጠፋበታ። አባባ ራሱን ነቀነቀ፣ ደስ ብሎታል። ከዚያ ወደ ሜዳ ወጡ። ቆብ ያጠለቁ፣ ትከሻቸው ላይ ትራስ የወተፉ ወጠምሻዎች። አንዱ ጎንበስ አለና ኳሷን በእጁ አነሣት።

ፉርርርር!

ማሽኑ ቆመ፣ መብራት በራ። አብዲ በቀዳዳው አንገቱን አወጣ።

«ተበጠሰ?»

«ማኖ ነው!» አለ አባባ።

«ምን?»

«ማኖ!»

«ማኖ ነው! ልክ ነው!» አለ የባቡር ሠራተኛ ሁሉ። አባባ ተነሥቶ ወደ በርሜሉ ዞረ።

«መላኩ! ይሄ ምንድነው?»

«እግር ኳስ ነው፣ ጋሽ ተሰማ።»

«በእጁ እኮ ነው የያዘው።»

«አዎ፣ በእጁ ነው።»

«ታዲያ እግር ኳስ ነው?»

«እግር ኳስ ነው።»

«ኳሷስ ለምን ሞላላ ሆነች?»

«አላውቅም።»

ይገርማችኋል፣ መላኩ «አላውቅም» ሲል ሰምቼው አላውቅም! ሌላ ጊዜ ቢሆን፣ ዶሮ ስለጣለቻት ነው ይልና ይገላገል ነበር። የዚያን ቀን ብቻ፣ በሕይወቱ ያን ቀን ብቻ ጥርት ያለ እውነት ተናገረና ማንም አላመነውም። ግርማ እንኳን ኦቾሎኒውን አስቀምጦ አፉን ከፈተ፤ «ሁሉም በረኛ ናቸው እንዴ?» አለ። ከዚያ በኋላ ግርማ ሲናገር አልሰማሁም።

«እይዘዋለሁ» አለኝ አባባ ሲቀመጥ። «ትንሽ ይቆይ፣ እይዘዋለሁ።»

ቀጠለ። ደግሞ በእጅ! ፉርርር! መብራት። «ተበጠሰ?» «ማኖ!» ቀጠለ። አንዱን ልጅ መሬት ላይ ጣሉትና ሁሉም ተከመሩበት። ሕዝቡ «ገደሉት! ኧረ ገላግሉ!» ብሎ ተነሣ፤ ከፊት ወንበር የነበረ አንድ ሽማግሌ ከዘራውን ይዞ ሊገላግል ሮጦ ሸራው ውስጥ ተጠቀለለ። ፉርርር! መብራት። እሱን ፈትተው አወጡት፣ ቀጠለ። አሁንስ አባባ አልቻለም፤ ተነሥቶ ሸራው ድረስ ሄደ። ጥላው ትልቅ ሆኖ ግድግዳውን ሞላው፣ ባለ ቆቡ ልጅ በአባባ ሸሚዝ ላይ ይሮጣል። አባባ በጣቱ ልጁን ጠቆመና «አንተ! ውጣ!» አለው።

ልጁ ወጣ! ወላሂ ወጣ! ቆቡን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ከሜዳው ወጣ። ለካ ጨዋታው አልቆ ወደ ቆንጆዋ የሚሄድበት ቦታ ነው። አባባ ምን ያውቃል? ተመልሶ ተቀመጠና፣

«ይሄ ልጅ ጥሩ ነው፤ ዳኛ ያከብራል» አለኝ።

ምን አልክ ኑሩ? ጮክ በል።

«እትዬ ሙሉ፣ እውነት ለመፍረድ እኔም ብሆን አስወጣዋለሁ ነው የምልዎት። ማኖ ነው።»

አንተ ወሎዬ፣ በአንቱ አትጥራኝ፣ ወደ ኋላዬ እዞራለሁ። እና ቆንጆዋ ዛፍ ሥር ቁጭ ብላ ታለቅሳለች፣ ልጁ እጇን ይዟል፣ ታዲያ መላኩ በቆርቆሮው፣ «አባቴ ላንተ አልሰጣትም ብሏል፤ ነገ ካላሸነፍክ አንተና እኔ ተለያየን፣ አለች» አለ።

አባባ ቀጥ ብሎ ተነሣ። ፉርርር!

«ያዝኩህ! ይሄ የራስህ ነገር ነው!»

«እሷ ናት ያለችው፣ ጋሽ ተሰማ።»

«ማል!»

«እሷ ናት ያለችው፣ እናቴ ትሙት!»

ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ውሸት ነው፣ ግማሹ እንባዋን አታዩም ወይ ይላል። ምን ትላለች ፕሮፌሰሯ? የምር የልጅቷ አባት ተቃውሞ ነበር ወይ? ሊያ፣ ንገሪያት፤ ልጅቷ ያለችውን ነው የምትፈልገው ወይስ መላኩ ያለውን? እኔ ያለኝ የመላኩ ነው። ባሌ ሆኖ እድሜ ልኬን ስጠይቀው «ብላለች» ነው የሚለኝ፣ ደግሞ ይስቃል።

አባባም ማስረጃ አጣ። ተቀመጠ፣ ጥርሱን ነከሰ። የመጨረሻው ግጥሚያ መጣ። አሁን ሰዉ ማኖውን ለምዶታል፣ ማን እንደሚያሸንፍ ማየት ነው የፈለገው፤ አባባ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከቶ ቁጭ ብሏል፣ ግን አይነፋም፣ እሱንም ይዞታል እኮ! ልጁ ኳሷን አቀፈና ሮጠ፤ አንዱን ጣለ፣ ሁለተኛውን ዘለለ፣ ቆንጆዋ ትጮኻለች፣ እኔም እጮኻለሁ፣ የግርማ ኦቾሎኒ ተደፋ፣ ልጁ ሮጦ ሮጦ በኖራ የተሰመረች መስመር አለች፣ እዚያ ላይ ኳሷን እንዳቀፈ በአፍጢሙ ተደፋ።

መረብ የለም። በረኛ የለም። እንደ ሹካ የቆሙ ሁለት እንጨቶች ብቻ። ሸራው ላይ ያሉት ቆባቸውን ወደ ላይ ይወረውራሉ፣ እኛ ግን ምን እንደሆነ አልገባንም።

«አገባ ወይስ አላገባም?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አገባ!» «አላገባም!» «ምን ውስጥ ነው የሚያገባው?» ሲኒማ ቤቱ ተናጋ። አባባ ፊሽካውን አፉ ውስጥ እንደያዘ ተነሥቶ እጁን ወደ ላይ ቢያነሣ፣ ሁሉም ጸጥ። ፊሽካውን አወጣ።

«መላኩ» አለ። «እዚህ ላይ ነው የምይዝህ። አገባ ካልክ ውሸት ነው፣ በእጅ የገባ ጎል አይጸድቅም። አላገባም ካልክም ውሸት ነው፣ ይኸው ሰዎቹ እየጨፈሩ ነው። በል ተናገር፤ አገባ ወይስ አላገባም?» ብሎ ፊሽካውን መልሶ ነከሰ።

እኔ አፈር ልብላ! መላኩን አየሁት፣ ቆርቆሮውን ከአፉ አወረደ።  ላቡ በበርሜሉ ላይ ይንጠባጠባል። በቃ ለግርማ ሄድኩ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ታዲያ በባዶ ድምፁ፣ ያለ ቆርቆሮ፣

«ጋሽ ተሰማ» አለ፣ «እሱስ አገባ። ያላገባሁት እኔ ነኝ።»

ኧረ ሳቅ! ኧረ ሳቅ! ሰው ከወንበር ወደቀ። ሊያ፣ ምን ነው የምታፈጪብኝ፣ አልገባሽም?

«ዌይት፣ እማማ። ጎል አገባ፣ ሚስት አገባ… ሴም ወርድ ነው?»

ሴም ወርድ ነው ልጄ፣ አንድ ቃል ነው! ንገሪያት እስቲ ለፕሮፌሰሯ። ቀስ ብለሽ ንገሪያት። ገባት? ገና ነው። ቆዩ… ቆዩ… ይኸው! ገባት! ሻይዋን ደፋችው። አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ጠረጴዛው የሕንፃው ነው።

እና አባባ፣ ያ የብረት ሰው፣ ሊስቅ አልፈለገም። ጉንጩ ተነፋ፣ ዓይኑ ቀላ፣ ፊሽካው አፉ ውስጥ ነው፣ ሳቁ በየት ይውጣ? በፊሽካው ወጣ! ፍርር! ፍርር! ፍርርርር! አብዲ ሰማ። ማሽኑን አቆመ፣ መብራት አበራ፣ «ዛሬስ ተበጥሶ ተበጥሶ አለቀ!» ብሎ ፊልሙን ጠቅልሎ ቆለፈበት። እዚያው ላይ አበቃ። አባባ ከሳቁ ብዛት መናገር አቅቶት እጁን ዘረጋ፤ እንደ ዳኛ፣ ወደ መሃል ሜዳ። ኳስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ጎሉ ገብቷል፣ መሃል ይጀመር ማለት ነው። የባቡር ሠራተኛ መላኩን ከነበርሜሉ ተሸከመው። ግርማም፣ እግዜር ይስጠው፣ አንደኛውን ጎን እሱ ነው የተሸከመው።

በማግስቱ ሙሴ ያኒ ፊልሙን ባቡር ላይ ጭኖ ለሌላ ከተማ ሸጠው። ከዚያ ወዲያ የት እንደገባ እኔ አላውቅም።

ታዲያ አባባ እኔን ሰጠው እንጂ አላመነውም። «ውሸታሙ አማቼ» ነው የሚለው፤ ሦስት ልጅ ከወለድንም በኋላ «ውሸታሙ አማቼ ደህና ነው?» ይላል። መላኩን ይቺ ነገር ትበላው ነበር። በሁሉም ይስቃል፣ በዚች ግን አይስቅም። «አንዲት ቀን ነው እውነት የተናገርኩት፣ እሷኑ ቀማኝ» ይለኛል።

ዓመታት አለፉ፣ እዚህ ቶሮንቶ መጣን። መላኩ ኢቶቢኮ ሰፈር ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ሥራ ያዘ። አንድ ቀን ገና ከሰዓት በኋላ በሩን በርግዶ ገባ፣ ቦት ጫማውን ሳያወልቅ፣ በረዶውን ምንጣፌ ላይ እያራገፈ።

«ሙሉ! እንቁላሏን አገኘኋት!»

«የምን እንቁላል?»

«ኳሷን! ከአውቶቡስ አየኋት፣ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ፣ ቆብ ያጠለቁ ልጆች፣ በእጃቸው፣ ተከምረው! ወርጄ አንዱን ጠየቅሁት፤ ምንድነው ይሄ ጨዋታ ስለው፣ ፉትቦል አለኝ! ፉትቦል አለኝ ሙሉ!» ቁጭ ብሎ አለቀሰ፣ ትልቅ ሰው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ወዲያው ድሬ ኮል አደረግን። መስመሩ ይቆራረጣል፣ መላኩ ይጮኻል። «ጋሽ ተሰማ! እውነት ነበር! እዚህ አገር እግር ኳስ በእጅ ነው!» አባባም፣

«ታዲያ ለምን እግር ኳስ ይሉታል?» አለ።

መላኩ አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣም። ከዚያ ማዶ በስልኩ ውስጥ፣ ፉርርርር! ጆሮውን ይዞ ተነሣ። እኔ እየሳቅሁ፣ እሱ ጆሮውን እያሸ፣ ከዚያ የአባባ ድምፅ መጣ፤ «አምኛለሁ፣ አማቼ። ፊሽካዬን አንሥቻለሁ።» ውሸታሙ የምትለዋን ከዚያ ቀን ወዲህ አልጨመራትም።

ሊያ፣ ፕሮፌሰሯን ጠይቂልኝ፤ የተማረች ናት፤ ለምንድነው እግር ኳስ የሚሉት? … አየሽ፣ እሷም አፏን ከፍታ ዘጋችው። እንደ መላኩ።

«እማማ፣ እሷ የምትለው፣ መጨረሻው አልታየም ማለት ነው? ልጁ ያገባው ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ምን ብዬ ልጻፍ ነው የምትለው።»

እንዲህ ብላ ትጻፍ። በርግጥ ማኖ ነው፤ ዳኛው ግን አጽድቆታል።